ወራሽ ያጣው የባሕር ዳር ቤት፦ የኦዝቦርን ጉዳይ

በሐምሌ 1868 አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በመርከብ እንግሊዝ አገር ገባ። አባቱ መቅደላ ላይ ከሞቱ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። እናቱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ቀይ ባሕር ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመው ካረፉ ገና ሁለት ወራቸው ነው። ልጁ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነው። ታሪኩን ሁላችንም በየአጋጣሚው ሰምተነዋል። ፕሊመዝ ወደብ በወረደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ።

የቀረበው ግን ለንደን አይደለም። ዊንዘርም አይደለም። ከደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ ማዶ፣ አይል ኦፍ ዋይት በምትባል ደሴት ላይ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ኦዝቦርን ይባላል። ስለ ዓለማየሁ ሳነብ ይህን ስም ስንቴ ዘልዬው እንዳለፍኩ እንጃ። አንድ ቀን ቆም ብዬ «ይሄ ደግሞ የምን ቤት ነው?» አልኩ። ነገሩን ሳብ ሳደርገው የራሱ ጉድ ያለው ቤት ሆኖ አገኘሁት።

ጉዳዩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቤተ መንግሥት የሞላት ንግሥት በገዛ ገንዘቧ የባሕር ዳር ቤት ገዛች። አፈረሰችውና አዲስ ሠራች። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተመላለሰችበት። እዚያው ሞተች። ቤቱ ከቤተሰቡ እጅ እንዳይወጣ አጥብቃ ተናዘዘች። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ የበኩር ወንድ ልጇ ለመንግሥት አስረከበው። ከዘጠኝ ልጆች አምስቱ በሕይወት እያሉ፣ የልጅ ልጅ ሞልቶ ሳለ፣ ቤቱ ወራሽ አጣ። ለምን? መልሱ ያለው ቤቱ የተሠራበት መንገድ ላይ ነው ባይ ነኝ።

(ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው። በኛ የምለው ቦታ ላይ እናገራለሁ።)

ቤተ መንግሥት እያለ ቤት ፍለጋ

ቪክቶሪያ በ1837 ስትነግሥ 18 ዓመቷ ነበር። በ1840 ከጀርመን አገር የመጣውን የአጎቷን ልጅ ልዑል አልበርትን አገባች። ልጆች በላይ በላዩ ተወለዱ። ቤቱ ግን የእነሱ አልነበረም።

ይሄ ለኛ ጆሮ ግር ይላል። ንግሥት ሆና ቤት የላትም? ባኪንግሃምም ዊንዘርም የዘውዱ ናቸው። የሚያስተዳድሯቸው መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ ያውም እርስ በርስ የማይነጋገሩ። የአልበርት አማካሪ የነበረው ባሮን ስቶክማር ይህን ዝርክርክነት በጽሑፍ አስፍሮታል። ምድጃው ላይ እንጨት የሚደረድረው የአንዱ ሹም ክፍል ነው፤ እሳቱን የሚለኩሰው የሌላው። የመስኮት መስታወት ከውስጥ የሚወለውለው አንዱ፣ ከውጭ የሚያጥበው ሌላው። ሁለቱ በአንድ ቀን ስለማይገናኙ መስታወቱ በሁለቱም በኩል ጠርቶ አያውቅም። ቀበሌ የተመላለሰ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

የባሕር ዳር ቤት አልነበራቸውም ማለትም አይደለም። የቪክቶሪያ አጎት ጆርጅ አራተኛ ብራይተን ከተማ ላይ ያሠራው፣ ጉልላት በጉልላት የሆነ ቤተ መንግሥት ነበር። ችግሩ ከተማው ዙሪያውን ከቦ ውጦታል። ባሕሩ የሚታየው በጭላንጭል ነው። በየካቲት 1845 ቪክቶሪያና አልበርት በእግር ሲወጡ የሱቅ ልጆች ግር ብለው ከበቧት። ጎንበስ እያሉ ከባርኔጣዋ ሥር ፊቷን ያዩ ነበር። በጣም ተናደደች። ብራይተን በዚያው አበቃ፤ በ1850 ቤተ መንግሥቱ ለከተማው ተሸጠ።

ያኔ ግን ዓይናቸው ሌላ ቦታ ላይ ነበር። ቪክቶሪያ ገና በልጅነቷ በ1831 እና በ1833 ከእናቷ ጋር አይል ኦፍ ዋይት ላይ፣ ኖሪስ በሚባለው ግንብ ከርማለች። ደሴቱ ከልጅነት ትዝታዋ ውስጥ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል ኢስት ካውስ አጠገብ ኦዝቦርን የሚባል ርስት እንዳለ ጠቆማቸው። የሌዲ ኢዛቤላ ብላችፎርድ ነው። በ1844 ለሙከራ ለአንድ ዓመት ተከራዩት። ወደዱት። ሴትየዋ መጀመሪያ 30,000 ፓውንድ ጠራች። ክርክር ተደረገ፤ ንግሥትም ብትሆን ዋጋ ይከራከሩላታል። ከዚያ ባነሰ ተስማሙና በ1845 ገዙት።

ገንዘቡ የግል መሆኑን አስምሩበት። ፓርላማ ለቪክቶሪያ በዓመት 385,000 ፓውንድ መድቦላት ነበር፤ ከዚያ ውስጥ በእጇ ለግል ጉዳይ የሚገባው 60,000 ነው። አልበርት ቁጥብ ሰው ነው። ወጪውን አጥብቆ ያዘውና ቆጠቡ። ቤቱ የተገዛው ከዚህ ቁጠባ ስለሆነ የትኛውም መሥሪያ ቤት አያገባውም። መስኮቱን የፈለጉት ቀን ያጥቡታል።

ቦታው ለምን ሆነ ለሚል፣ ሌላም ምክንያት አለ። ያኔ ባቡር ከለንደን በኩል እስከ ጎስፖርት ወደብ ደርሷል። ከዚያ በእንፋሎት መርከብ ሶለንት የሚባለውን ሰርጥ መሻገር ነው። ከከተማው ሩቅ ይመስላል፤ ሚኒስትር ግን ወረቀት ይዞ መድረስ ይችላል። ቪክቶሪያ በዚያው በ1845 ጸደይ ለቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትሯ ለሎርድ ሜልበርን ስትጽፍ ደስታዋ ያስታውቃል፦ ሸለቆው፣ ጫካው፣ ለብቻቸው የሆነ የባሕር ዳርቻ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ሳይከተላቸው፣ ማንም ሳይከባቸው ወዲያ ወዲህ ማለት መቻላቸው። የሱቅ ልጆቹን አልረሳቻቸውም።

የአልበርት ቤት

የሌዲ ኢዛቤላ ቤት ጠበባቸው። አዲስ ይሠራ ተባለ። አልበርት ስመ ጥር አርክቴክት አልጠራም። የራሱን ሐሳብ ይዞ ቶማስ ኪዩቢት ከሚባል የለንደን ሥራ ተቋራጭ ጋር ተቀመጠ። ኪዩቢት ቤልግሬቪያ የሚባለውን የሀብታሞች ሰፈር የገነባ ሰው ነው። በጊዜ ያስረክባል፣ በተባለው ዋጋ ይጨርሳል። ዛሬም እንዲህ ያለ ተቋራጭ ያገኘ ሰው ስሙን ለጎረቤት አይናገርም።

የመሠረት ድንጋዩ በሰኔ 1845 ተጣለ። ሶለንትን ሲያይ ለአልበርት የናፖሊ ባሕረ ሰላጤ ነበር የሚመጣበት። ስለዚህ ቤቱ የጣሊያን ቪላ መሰለ፦ ሁለት ረጃጅም ማማዎች፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ቁልቁል ወደ ባሕሩ የሚወርዱ እርከን እርከን የሆኑ የአትክልት ስፍራዎች። ከሩቅ ሲያዩት ድንጋይ ነው። ቀርበው ሲነኩት ጡብ ነው፤ ላዩ በሲሚንቶ ተለስኖ ድንጋይ እንዲመስል የተደረገ። ወለሉን የተሸከመው ብረት ነው፤ እሳት ቢነሳ እንዳይዛመት። በፎቅና በፎቅ መሀል ደግሞ የባሕር ዛጎል ሞልተውበታል። ድምፅ እንዲያፍን ነው። ከላይ ሕፃናት ይንጫጫሉ፣ ከታች ንግሥቲቱ ደብዳቤ ትፈርማለች።

የቤተሰቡ ክፍል በመስከረም 1846 አለቀ። በገቡበት ምሽት ከንግሥቲቱ ደንገጡሮች አንዷ፣ ስኮትላንዳዊት ናት፣ አሮጌ ጫማ ወደ ቤቱ ወረወረች፤ በአገሯ ለመልካም ዕድል ነው። አልበርት በእራት ላይ መግባትና መውጣትን የሚባርክ የሉተርን መዝሙር ጠቀሰ። የቀረው ክፍል እስከ 1851 ቆየ። አሮጌው ቤት ፈረሰ። ወጪው ተደማምሮ 200,000 ፓውንድ ገደማ ደረሰ ይባላል። ከርስቱ ዋጋ ጋር ስታስተያዩት የቤት ሥራ ያኔም እንደዛሬው ነው።

የክፍሎቹ አቀማመጥ ብዙ ይናገራል። መሬት ላይ ያለው ሳሎን በቀኝ ማዕዘን ታጥፎ ወደ ቢሊያርድ ክፍሉ ይገባል። መሀሉ ላይ በር የለም፤ ግን አይተያይም። ምክንያቱ ደንብ ነው። ንግሥቲቱ ባለችበት ክፍል ባለሟል አይቀመጥም። አልበርት ቤቱን አጠፈው። ባለሟሎቹ ከማዕዘኑ ወዲያ ሆነው አረፍ ይላሉ፤ ሲጠሩ ይሰማሉ፤ ደንቡም አልተጣሰ። እንዲህ ያለ ብልሃት ደስ ይለኛል። ሥርዓቱን ሳይነካ ሰው እግሩን እንዲያሳርፍ ያደርጋል።

አንደኛ ፎቅ ላይ የቪክቶሪያ የሥራ ክፍል አለ። ሁለት ጠረጴዛ ጎን ለጎን። አንዱ የሷ፣ አንዱ የሱ። አገር የሚተዳደርበት ወረቀት መጀመሪያ በሱ እጅ ያልፍና ወደሷ ይመጣል። በቤቱ ውስጥ የሁለቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተጠላልፈው ያልተቀረጹበት ቦታ የለም። አንድ ክፍል ብቻ ይቀራል። ሲጋራ ማጨሻው በር ላይ ያለው የአልበርት ፊደል ብቻ ነው። እሷ ጭስ ትጠላለች።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣ እውነቱን ልናገር። ቪክቶሪያ የልጆቿን እጅና እግር ሕፃን ሳሉ በእብነ በረድ አስቀርጻ አስቀምጣለች። ትንንሽ፣ ነጭ፣ የተቆረጡ የሚመስሉ እጆች በመስታወት ውስጥ። ፍቅር ነው። ሆኖም ሌሊት ብቻዬን ከነሱ ጋር አንድ ክፍል አልገባም።

ልጆቹና ባሕሩ

አልበርት ልጆቹ ሥራ እንዲያውቁ ፈልጓል። ከዋናው ቤት ራቅ ብሎ በ1853 እና 1854 የስዊስ ገጠር ቤት የሚመስል የእንጨት ቤት አሠራላቸው። ማዕድ ቤት አለው፣ ምድጃው ለልጅ ቁመት የተሠራ። ልዕልቶቹ ኬክ ይጋግራሉ፣ ወላጆቻቸውን ሻይ ይጋብዛሉ። ውጭ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መደብ አለው። የራሱ ትንሽ ጋሪ፣ መቆፈሪያ፣ መኮትኮቻ፤ ሁሉም ላይ የስሙ ፊደል ተጽፎበታል። መሣሪያዎቹ ዛሬም ተደርድረው ይታያሉ። ያበቀሉትን አትክልት አልበርት በገበያ ዋጋ ይገዛቸዋል። የልዑል ልጅ ሽንኩርት ሽጦ ሳንቲም ይቆጥራል።

ቪክቶሪያ ራሷም ባሕር ገብታለች። ዘዴው እንዲህ ነው። ከእንጨት የተሠራች፣ ጎማ ያላት ትንሽ ቤት አለች። ንግሥቲቱ ዳርቻው ላይ ገብታ ልብሷን ትቀይራለች። ቤቲቱ በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተች ውኃ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በመጋረጃ ተከልላ በደረጃ ትወርዳለች። መጀመሪያ የዋኘችው ሐምሌ 30 ቀን 1847 ነው፣ በ28 ዓመቷ። በማስታወሻዋ ላይ ደስ እንዳላት ጽፋለች፤ ጭንቅላቷን ውኃ ውስጥ እስክትከት ድረስ። ያኔ ትንፋሽ አጥራት።

እስከዚህ ድረስ ያለው የአንድ ደስተኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው። አስራ አምስት ዓመት ቆየ።

ፍል ውኃው በየጠዋቱ

ታኅሣሥ 14 ቀን 1861 አልበርት ዊንዘር ላይ ሞተ። 42 ዓመቱ ነበር። ቀብሩ እንኳ ሳይፈጸም ቪክቶሪያን ወደ ኦዝቦርን ወሰዷት። ከዚያ በኋላ ሕይወቷን ሙሉ ጥቁር ለበሰች።

የአልበርት ክፍሎች እንደነበሩ ይቀመጡ አለች። ፍል ውኃ ለጢም መላጫ በየቀኑ ይቀርባል። ልብሱ ይዘረጋል። በጥር 1862 የንግሥቲቱ ምክር ቤት ኦዝቦርን ላይ ሲሰበሰብ ሹማምንቱ በአንድ ክፍል ቆሙ፤ እሷ ቀጥሎ ባለው ክፍል ተቀመጠች። መሀሉ ላይ በሩ ክፍት ነው። ጸሐፊው በሷ ስም «ጸድቋል» ይላል። መንግሥት በክፍት በር ሲተዳደር ብዙ አልሰማሁም።

ሐምሌ 1 ቀን 1862 ሁለተኛዋ ሴት ልጇ አሊስ እዚያው ቤት፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ ተዳረች። ሙሽራዋ ነጭ ለብሳ፣ እናቷ ጥቁር ለብሳ፣ እንግዶቹ እንባቸውን እየጠረጉ። ቪክቶሪያ ራሷ ከሠርግ ይልቅ ቀብር ይመስል እንደነበር ለትልቋ ልጇ ጽፋላታለች። የኛ ሰው «ሐዘን ቤት ሠርግ አይገባም» ብሎ ቀኑን ያራዝመው ነበር። እሷ አላራዘመችም። አባትየው በሕይወት ሳለ የታሰበ ሠርግ ነው።

ቤቱ ከዚህ በኋላ መኖሪያነቱ ቀርቶ መታሰቢያ ሆነ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደኋላ ለውርሱ ነገር ይጠቅመናል።

ዓለማየሁ ኦዝቦርን ሲገባ

እንግዲህ የኛ ልጅ የመጣው እዚህ ቤት ነው። ሐዘኑ ከገባ ሰባተኛ ዓመቱ።

ከዚያ በፊት አንድ ደብዳቤ ነበር። አጼ ቴዎድሮስ በ1862 መጨረሻ ለቪክቶሪያ የጻፉት። መልእክተኛ ልላክ፣ ወዳጅ እንሁን የሚል ነው። የተላከው በእንግሊዙ ቆንስል በካሜሮን በኩል ነው። ለንደን ሲደርስ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ተወተፈ። ንግሥቲቱ በሐዘን ክፍሏ ውስጥ ነበረች፤ ደብዳቤውን ያፈኑት ግን ጸሐፊዎቹ ናቸው። መልስ ሲጠፋ ቴዎድሮስ ቆንስሉን አሰሩ። ከዚያ የናፒየር ጦር መጣ። ከዚያ መቅደላ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በኛ አቆጣጠር።

እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልጃቸውን ይዘው ከጦሩ ጋር ሲወጡ ታመው አረፉ። ልጁ በካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ እጅ ቀረ። ስፒዲ ረጅም፣ ጢማም ግዙፍ ሰው ነው። ቀድሞ በቴዎድሮስ ዘንድ ወታደር አሠልጥኗል፤ አማርኛ ይችላል፤ እኛ ጋ ባሻ ፈለቀ ተብሏል። ዓለማየሁ ከዚህ ሰው ሌላ ቋንቋውን የሚሰማ አልነበረውም። ሌሊት ብቻውን መተኛት ይፈራ ስለነበር ከሱ አይለይም።

ቪክቶሪያ ልጁን ስታየው ወደደችው። በማስታወሻዋ ላይ መልኩን፣ ጨዋነቱን፣ የዓይኑን ውበት አድንቃ ጽፋለች። እሷ ባሏን ያጣች፣ እሱ አባትና እናቱን ያጣ። ሐዘን ሐዘንን ያውቃል ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን የልጁን ሐዘን ያመጣው የሷ ጦር ነው። አገሩ ላይ ልዑል፣ እዚያ ቤት እንግዳ፣ መዝገብ ላይ ደግሞ በግምጃ ቤት ወጪ የሚያድግ ልጅ።

ዓለማየሁ ደሴቱ ላይ ቆየ። የስፒዲ እጮኛ ቤተሰቦች የሚኖሩት በደሴቱ ምዕራብ፣ ፍሬሽወተር ነው። ዝነኛዋ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንም እዚያው ጎረቤት ናት። በዚያ ክረምት ያነሳችው ፎቶ ዛሬ በየመጽሐፉ የምናየው ነው፦ ስፒዲ የሐበሻ ልብስ ለብሶ፣ ልጁ አጠገቡ። ትንሽ ፊት ነው። ፈገግታ የለበትም። ብዙዎቻችን ፎቶው ለንደን የተነሳ ይመስለናል። አይደለም። ከኦዝቦርን በጋሪ የሚደረስ መንደር ነው።

ከዚያ ስፒዲ ሥራ አግኝቶ ሕንድ ሲሄድ ልጁን ይዞት ሄደ። በኋላ ባለሥልጣናቱ ትምህርቱ እንግሊዝ ይሁን ብለው ከስፒዲ ለዩት። ቼልተናም፣ ራግቢ፣ ሳንድኸርስት። አልሆነለትም። ኅዳር 14 ቀን 1879 ሊድዝ ላይ በሳንባ ሕመም ሞተ። 18 ዓመቱ ነበር። ቪክቶሪያ በዚያ ቀን የጻፈችው ይገኛል። በባዕድ አገር፣ ከወገኑ አንድ ሰው ሳይኖር፣ ብቻውን መሞቱ እንዳሳዘናት፤ ሰዎች በቆዳዬ ቀለም ምክንያት ያፈጡብኛል እያለ ይሳቀቅ እንደነበር። ሁሉን ታውቅ ነበር ማለት ነው።

የተቀበረው ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ውስጡ ለስሙ የተሰቀለው የናስ ሰሌዳ ላይ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» የሚለው የወንጌል ቃል አለ። ማን እንደመረጠው ሳስብ ይከነክነኛል። አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመንም ቀርቧል። በ2023 ቤተ መንግሥቱ በድጋሚ እምቢ አለ፤ ምክንያቱ አጠገቡ ያሉትን የሌሎች አጽም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነው። በዚያው ዓመት ከጸጉሩ ጥቂት ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተሰጠ።

የቀሩት ዓመታት

ከዚህ በኋላ ያለውን ፈጠን ብዬ ልለፈው። በጥር 1878 አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስልክን ኦዝቦርን ይዞ መጥቶ ለንግሥቲቱ አሳየ። በ1885 የመጨረሻ ልጇ ቤያትሪስ በቤቱ አጠገብ ባለችው የዊፒንግሃም ቤተ ክርስቲያን አገባች። የተፈቀደላት ከእናቷ ጋር እንድትኖር በሚል ውል ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዱርባር የተባለው የሕንድ አዳራሽ ተጨመረ። ቪክቶሪያ የሕንድ ንግሥተ ነገሥት ከተባለች ቆይታለች፤ ሕንድን ግን አንድም ቀን አላየቻትም። ስለዚህ ሕንድ ወደሷ መጣች። ከላሆር የመጣው ባለሙያ ብሃይ ራም ሲንግ ግድግዳውንና ጣሪያውን በነጭ ጥልፍ መሰል ጌጥ ሞላው። ምድጃው ላይ ክንፉን የዘረጋ ፒኮክ አለ። እጅ ያስጭናል። የአልበርት ጣት ያልነካው ትልቅ ክፍል ቢኖር እሱ ነው።

ጥር 22 ቀን 1901 ምሽት ላይ ቪክቶሪያ ኦዝቦርን መኝታ ቤቷ ውስጥ ሞተች። 81 ዓመቷ ነበር። ትራሷን በክንዱ ደግፎ የያዘው የልጅ ልጇ የጀርመኑ ካይዘር ቪልሄልም ነው። ግራ እጁ ሽባ ስለሆነ ቦታ መቀየር አልቻለም፤ በቀኝ ክንዱ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ያዛት። አስከሬኗ አሊስ በተዳረችበት ምግብ ቤት ውስጥ አሥር ቀን ያህል ቆየ። ከዚያ በመርከብ፣ በረድፍ በቆሙ የጦር መርከቦች አጠገብ፣ ሶለንትን ለመጨረሻ ጊዜ ተሻገረች።

«ማን ይውሰደው?»

ኑዛዜው ቤቱ በቤተሰቡ ይቆይ ይላል። የበኩር ወንድ ልጇ ኤድዋርድ ሰባተኛ ተብሎ ነገሠ። ዕድሜው 59 ነው። ከ1862 ጀምሮ ሳንድሪንግሃም የሚባል የራሱ የገጠር ርስት አለው። ጓደኞቹ እዚያ፣ አደኑ እዚያ፣ ጨዋታው እዚያ። ኦዝቦርን ለሱ ምንድን ነው? አባቱ ጥብቅ የትምህርት ሰሌዳ ያወጣለት ቦታ። እናቱ አርባ ዓመት ያለቀሰችበት ቦታ። በየበሩ ላይ የወላጆቹ ፊደል ተቀርጿል፤ የሱ የለም። ልጁ ጆርጅም ወጪውን አልችለውም አለ። ቤያትሪስና ሉዊዝ በርስቱ ላይ የየራሳቸው ትንንሽ ቤት ስለነበራቸው ነገሩ ቅር አሰኛቸው። ዋናውን ቤት ግን ተረክቦ የሚያስተዳድር አልተገኘም።

እዚህ ላይ ፍርዴን ልስጥ። ብዙ ጸሐፊዎች ኤድዋርድን እንደ ውለታ ቢስ ልጅ ያዩታል። እኔ በሱ አልፈርድም። ኦዝቦርን እንደ ልብስ በልክ የተሰፋ ቤት ነው፤ ለሁለት ሰው። ጠረጴዛው ሁለት፣ ፊደሉ ሁለት፣ ሳሎኑ የታጠፈው ለሷ ደንብ ሲባል። አንደኛው ሲሞት ሌላዋ ቤቱን እንደነበረ አቆመችው። ቁልፉን ለልጅ ብትሰጪው እንኳ፣ የሚኖርበት ሳይሆን የሚጠብቀው ነው የሰጠሽው። ዕቃ እንዳይነካ ተብሎ ባደገበት ቤት ማን ደፍሮ ወንበር ያዟዙራል?

ነሐሴ 9 ቀን 1902፣ ዘውድ በጫነበት ዕለት፣ ኤድዋርድ ኦዝቦርንን ለአገሩ ሰጠሁ አለ። ቤቱ ተከፋፈለ። አንዱ ክፍል ለታመሙ መኮንኖች ማገገሚያ ሆነ፤ እስከ 2000 ድረስ ቆይቷል። የፈረሶቹ ጋጣ አካባቢ ከ1903 እስከ 1921 የባሕር ኃይል ልጆች ትምህርት ቤት ሆነ። በኋላ ኤድዋርድ ስምንተኛና ጆርጅ ስድስተኛ የሆኑት ወንድማማቾች እዚያ ተማሩ። ቅድመ አያታቸው ሻይ የጠጣችበት ግቢ ውስጥ በወታደር ደንብ አደሩ። በ1908 አንድ የ13 ዓመት ተማሪ የአምስት ሺሊንግ የፖስታ ገንዘብ ማዘዣ ሰርቀሃል ተብሎ ተባረረ። ቤተሰቡ አገር አወከ፤ ጠበቃው ኤድዋርድ ካርሰን ነው። በ1910 ልጁ ነፃ ወጣ። ኦዝቦርን የሚለው ስም በእንግሊዝ ጋዜጦች የከረመው ያኔ በዚህ ነገር ነው።

የቪክቶሪያ የግል ክፍሎችስ? ደረጃው አናት ላይ የብረት በር ተገጠመና ተቆለፈ። ከ1904 ጀምሮ ሕዝቡ ታችኛውን ፎቅ ይጎበኛል፤ ላይኛው ዝግ ነው። ሃምሳ ዓመት። በ1954 ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ ስትፈቅድ ነው የተከፈተው። ሰዎች ሲገቡ ሁለቱ ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን ነበሩ።

ያቺ ጎማ ያላት የባሕር መታጠቢያ ቤት ግን ዕጣዋ ሌላ ሆነ። ቪክቶሪያ ከሞተች በኋላ ዶሮ ተረባባት። ከዓመታት በኋላ አነሷት፣ ጠገኗት፣ ቀለም ቀቧት። ከ1986 ጀምሮ ቦታውን የሚያስተዳድረው ኢንግሊሽ ኸሪቴጅ በ2012 የግል የነበረውን የባሕር ዳርቻ ለጎብኚ ከፈተ። አሁን ቤቲቱ እዚያ አሸዋው አጠገብ ቆማለች። ትኬት የቆረጡ ልጆች ጎንበስ እያሉ በበሯ ወደ ውስጥ ያያሉ።